ጠጋ የማይለው ብርሃን

ተሳፋሪዎቿ «እትዬ ጠጋ» ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ ከአፏ ያልተለየው ቃል «እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉ» ነውና። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶም ቢሆን፣ አንድ ሰው በር ላይ ተንጠልጥሎ ዓይን ዓይኗን ሲያያት አንጀቷ አይችልም። ይህን ገፋ፣ ያንን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ታበጅለታለች።

ባሏ የሞተው ልጃቸው ጡት ሳይጥል ነው። ልጁን ብቻዋን አሳደገችው፤ እሱም አላሳፈራትም፣ ተምሮ ኮሌጅ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ሆነ። እሷ ትምህርቷን ያቋረጠችው ገና በልጅነቷ ስለሆነ የቀረባት ሁሉ ይቆጫታል። ስለዚህ እራት ላይ «ዛሬ ምን አስተማርክ?» ትለዋለች። እሱ ይነግራታል፤ እሷ ትጠይቃለች። ከቀኑ ሁሉ የምትናፍቀው ያንን ሰዓት ነበር።

አንድ ቀን ያወሩት ስለ ፍጥነት ነበር። ይህንንስ እግሯ ያውቀዋል። ከኋላ በር ወደ ፊት ስትራመድ፣ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው የእሷ እርምጃ በአውቶቡሱ ሩጫ ላይ ይደመራል። አውቶቡሱ ሳይቆም ዘሎ የሚወርድ ጎረምሳ በአፍጢሙ ሲደፋ ስንቴ አይታለች። አውቶቡስ የተሸከመውን ሁሉ ፍጥነቱን ያካፍለዋል።

«መብራቱንም እንደዚያው» አለች። «እኔማ ሾፌሩን ሁልጊዜ እመክረዋለሁ። መብራት ስታበራ ቀስ በል፣ የአንተ ሩጫ ተጨምሮበት ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይመታዋል እለዋለሁ።»

«እሱስ ምን ይልሻል?»

«እሺ እትዬ፣ መብራቱን ፍሬን አስይዘዋለሁ ይለኛል።»

ልጇ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። ከዚያ ዓይኑን ጠረግ አድርጎ፣ «ብርሃን እምቢተኛ ነው፣ እማ» አላት። «ከሚሮጥ አውቶቡስ ቢወጣ፣ ከቆመ አውቶቡስ ቢወጣ፣ ብትከተይው፣ ብትሸሺው፣ ባዶ ቦታ ላይ ፍጥነቱ ለሁሉም አንድ ነው። አይጨምርም፣ አይቀንስም።»

«እንዴት ተደርጎ?»

«እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ለክተው አዩት።»

እሷ ግን ሌላ ነገር አሳሰባት። «ይህን የሾፌሩን ነገር ለሰው እንዳታወራብኝ» አለችው።

«ከዚህ ጠረጴዛ አይወጣም፣ እማ። አንቺ ትሙች።»

ነገሩ እንቅልፍ ነሳት። ትኬት ስትቆርጥም፣ ልብስ ስታጥብም ይህን እምቢተኛ ብርሃን ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። በመጨረሻ አንድ ማታ፣ ልጇ ጠረጴዛው ጋ እራት እየጠበቀ፣ እሷ ድንች እየላጠች ሳለ እጇ ቆመ።

«አንተ፣ ፍጥነት ማለት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ነው ብለኸኛል አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ አንዱ ተሳፋሪ ወንበሬን ንቅንቅ አላደርግም ካለ፣ ሌሎቹ ናቸው ጠጋ የሚሉት። ብርሃን ጠጋ አልልም ካለ፣ ጠጋ የሚሉት ርቀትና ጊዜ ናቸው ማለት ነዋ? እኔ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የምለካው ሰዓት፣ መንገድ ላይ ከቆመው ሰው ሰዓት ጋር ላይስማማ ነው?»

ልጇ ከወንበሩ ቀና አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል፣ ድንቹ?»

ተነስቶ ግንባሯን ሳማት። ያን ቀን የተሰማትን ኩራት ለማንም አልነገረችም፤ ለሾፌሩ እንኳ።

ብዙም ሳይቆይ አውቶቡስ መጠበቂያው ግድግዳ ላይ የልጇ ስም ያለበት ማስታወቂያ ተለጥፎ አየች። ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ስለ ብርሃን ለሕዝብ ንግግር ሊያደርግ ነው። ለእሷ አልነገራትም። ረስቶት ይሆናል አለች፤ እናት ለልጇ ምክንያት አታጣም። ከባልደረባዋ ጋር ተራ ተቀያየረችና ደህና ሹራቧን ለብሳ ሄደች። ከኋላ፣ አንዲት ተማሪ አጠገብ ተቀመጠች።

ልጇ ሲናገር አፍ ያስከፍታል። «አንዲት ትኬት ቆራጭ ነበረች» ብሎ ጀመረ። ሾፌሩን እንዴት እንደምትመክረው፣ መብራቱን ፍሬን ስለማስያዝ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ድምጿን ሳይቀር አስመሰለው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ትንሽ ፈገግ አለች። ይሁን፣ ቀልድ ነው፤ አሁን እናቴ ናት ይላል ብላ ጠበቀች።

ከፊት አንዱ፣ «ሴትዮዋን የት አገኟት?» አለው።

«አውቶቡስ ውስጥ ነዋ። አንድ ቀን ተሳፍሬ» አለ ልጇ።

ቀጠለ። «እኔ ግን አንድ ቀን እራት እየጠበቅሁ ድንገት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ብርሃን ወንበሬን አልለቅም የሚል ተሳፋሪ ከሆነ፣ ጠጋ የሚሉት እነማን ናቸው?» ጭብጨባው ቀለጠ።

ተማሪዋ ወደ እሷ ዘንበል ብላ፣ «ጭንቅላቱን አዩት? እናቱ ምን እያበላች ይሆን ያሳደገችው?» አለቻት።

«ድንች» አለች እትዬ ጠጋ። ልጅቷ ሳቀች። እሷ ግን ሰው ሁሉ እስኪወጣ ከወንበሩ አልተነሳችም።

ልጇ ያያት ያኔ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ቤት ገብተው እራት ቀርቦ ጠረጴዛው ጋ ሲቀመጡ፣ «ስምሽን አልጠራሁም እኮ፣ እማ» አለ።

«አልጠራህም።»

«አንቺው ነሽ ለሰው እንዳታወራብኝ ያልሽኝ።»

«አታውራ ያልኩህን አወራኸው። አታውራ ያላልኩህን ደበቅከው። ስህተቴን ለእኔ ተውክልኝ፣ ጥያቄዬን ለራስህ ወሰድክ።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እሱም ይሁን፣ ውሰደው፤ ከአንተ የምሰስተው ምን አለኝ? ግን አንድ ቀን ተሳፍረህ ያገኘኸኝ ሰው ነኝ?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባል የለ? እሷ ግን የወደቀችው ጡቷን ካጠባችው ነው።

እሱ የሚክስበት ነገር አጣና የሚያውቀውን ይዞ መጣ። ወረቀት አወጣና ሁለት መስታወት ሣለ፤ አንዱ የአውቶቡሱ ወለል ላይ፣ አንዱ ጣሪያው ላይ። «ብርሃን በመካከላቸው ይመላለሳል፤ አንድ ምልልስ የሰዓት አንድ ምት ነው እንበል። አውቶቡስ ውስጥ ላለሽው ለአንቺ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መንገድ ላይ ለቆመው ሰው ግን አውቶቡሱ ስለሚሄድ መንገዱ ሰያፍ ነው፤ ረዘመ ማለት ነው። ፍጥነቱ ያው ከሆነ፣ ረጅሙን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ለቆመው ሰው፣ የአንቺ ሰዓት ዘገየ።»

ሥዕሉን አየችው። ገባት፤ እንዲያውም ከገባት አለፈ። ከአውቶቡሱ መስኮት ሆና ስታይ ወደ ኋላ የሚሮጠው መንገዱ ነው፣ ሰውየውም አብሮ። ታዲያ ለእሷ ደግሞ የዘገየው የእሱ ሰዓት ሊሆን ነው። ሁለቱም አንተ ነህ የዘገየኸው ከተባባሉ፣ እውነቱ የማን ነው?

ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ልጇ እርሳሱን እንደያዘ ዓይን ዓይኗን ያያታል፤ እንደ ድሮው እንድትጠይቀው እየለመናት ነው።

«ገባሽ፣ እማ?»

«ገባኝ» አለችና ሳህኖቹን አነሳች።