የካሰች ተራ፣ የዋሴ ደም

ሽንፋ አካባቢ ሰሊጥ ከሚያርሱት መካከል እንደ ዋሴ ሚስቱን የሚወድ የለም ይባል ነበር። አንዳንዱ ይህን የሚናገረው ለማሾፍ ነው፤ ዋሴ ግን እንደ ምስጋና ይቀበለዋል። ከካሰች ጋር በቁርባን የተጋቡ ናቸው። ጠብ ሲነሣ እንኳ፣ "ከራሴ ጋር ምን አጣላኝ!" ብሎ ከቤት ይወጣል።

በደርግ ዘመን፣ በአንዱ የሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ ካሰችን ወባ ጣላት። ገበያው ዳር ያለችው ክሊኒክ ደግሞ ያለ ደም ምርመራ አንዲት ክኒን አትሰጥም። መርማሪው ጓድ ሸጋው የሚባል አንድ ሰው ነው፤ ማይክሮስኮፑም አንድ። ወረፋው ግን ከጎጃምም ከወሎም ለአጨዳ የወረደውን ሁሉ ይዞ፣ ከበሩ ተነሥቶ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል። ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ሰው ለሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ካሰች መቀመጥ እንኳ አልቻለችም። ዋሴ ለእናቷ አደራ ሰጥቶ፣ የደረሰ ሰሊጡ ማሳ ላይ እየረገፈ፣ በስሟ ወረፋ ያዘ። ሐሳቡ ተራዋ ሲቃረብ ሮጦ በአህያ ሊያመጣት ነበር። ቀን ቀንን ወለደ፤ ወረፋው ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ ረፋድ ላይ ከአብደራፊ የመጣ ትራክተር ተሳቢውን እያንገጫገጨ ገበያው መሃል ቆመና፣ "አጫጅ ፈልገናል! ዋጋ ጨምረናል!" ተባለ። ያን ጊዜ የታየው ፈውስ በየትኛውም ጠበል አልታየም። ሲያቃስት የነበረው ሁሉ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ተነሣ፤ ተሳቢው ላይ ለመንጠልጠል ተጋፋ። ክሊኒኩ ጥላ ሥር ዋሴና አንዲት አሮጊት ብቻ ቀሩ።

"ካሰች!" ሲል ሸጋው ከበሩ ተጣራ።

ዋሴ ደነገጠ። ቤቱ ሩቅ ነው፤ ሳምንት ከተጨመረ ደግሞ ካሰች አትተርፍም።

"አቤት!" አለ።

"ካሰች አንተ ነህ?"

"የቆረብን ነን ጌታዬ፤ አንድ ሥጋ ነን። ከእኔ ይውሰዱ።"

"ጓድ በለኝ! በአብዮቱ ዘመን ሰው ሁሉ በየደሙ ነው የሚመረመር።"

"እሽ ጓድ። እኛ ስንቆርብ ግን አብዮቱ አልነበረም" አለና ጣቱን ዘረጋ።

ሸጋው ለክርክር የሚሆን ጉልበት አልነበረውም፤ ወጋው። በዚያ ወቅት ወባ የሌለበት ደም በዚያ አገር ማግኘት ብርቅ ነውና ከሰዓት በኋላ ውጤቱ፣ "ወባ አለ" የሚል ሆነ። ዋሴ የተወጋው ራሱ መሆኑን ጭራሽ ረስቶ፣ "አላልኩዎትም?" ብሎ ክኒኑን ይዞ ሮጠ። መንገድ ላይ ራሱን ሲያዞረው የደስታ መስሎት ነበር።

ካሰች አንድም ሳታስቀር ዋጠችና ድና ተነሣች። በእሷ ፋንታ እሱ ወደቀ።

"ሂጂ፣ ተራ ያዥልኝ" አላት ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። "ሲደርስሽም አንችው ስጭ፤ ያውቁናል።"

ካሰች ነገሩ ባይዋጥላትም ባሏ ያመነበት ነውና ሄደች፤ ስንት ቀን ተሰልፋም ደሟን ሰጠች። ሸጋው በዚህ ጊዜ ጥያቄ እንኳ አላነሣም። ስትመለስ ግን ባዶ እጇን ነበረች።

"ምንም የለበትም አሉ። ክኒንም ከለከሉኝ።"

ዋሴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ብቅ አለ። "ደሙ ያንች ነው አይደል?"

"የእኔ ነዋ!"

"እና ወባው ለቀቀሽ?"

"ለቀቀኝ።"

"እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት!" እያለ በሚንቀጠቀጡ እጆቹ አጨበጨበ። ለራሱ መድኃኒት መቅረቱ ትዝም አላለው።

ካሰች መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ እንባዋ መጣ። ወጥታ አህያውን አዘጋጀችና ክንዱን ይዛ ጎተተችው። "ተነሥ አንተ ሞኝ። አሁን የገዛ ደምህን ትሰጣለህ፤ ወረፋው እስኪደርስ ደግፌህ እቀመጣለሁ።"

ዋሴ አህያው ላይ ተጋድሞ፣ ብርዱ እያርገፈገፈው፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ፣ "ካሰች ድናለች! በምርመራ ተረጋግጧል!" እያለ ሄደ።