ሙሽራ ያልነበረችበት ሰርግ

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔና ጓደኛዬ ከጎንደር ገበያ አፋፍ ባለች አንዲት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናችንን ጎን ለጎን አድርገን እንሰፋ ነበር። እሱ ኮትና ሱሪ፣ እኔ ሸሚዝና ቀሚስ። እጁ የተባረከ ነው፤ ሰውን አንዴ ገርመም አድርጎ ሜትር ሳያነሳ ልኩን ይነግረዋል።

ደህና ሆኖ ይከርምና ታዲያ አንዳንድ ጊዜ አንድ ነገር ይነሳበታል። እንቅልፍ ይጠፋዋል፣ ድካም አያውቅም፣ ንግግሩ ከመፍጠኑ የተነሳ ጣልቃ የሚገባበት ሰው አይገኝም። አንድ የአዘዞ ሽማግሌ ኮት ሊያሰፉ ጨርቅ ያመጡት እንዲህ በሆነበት ሰሞን ነበር። ኮቱ ሲያልቅ ፊቱም ጀርባውም እጅጌው ጭምር ኪስ በኪስ ሆኖ ተገኘ።

«ይቅርታ አያ፣ እኛ እናስተካክለዋለን» አልኳቸው የምገባበት ጠፍቶኝ።

ሽማግሌው ለብሰው ዞር ዞር አሉ። «ሸጋ አይደል እንዴ! ምነው እስከ ዛሬ የሰፉልኝ ሁሉ ኪስ ይሰስቱብኝ ኖሯል?»

ያ ሰሞን ሲያልፍ ደግሞ ይወድቃል። ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ አይበላም፣ አይናገርም። እናቱ «የሰው ዓይን ነው» ይላሉ፤ ጎረቤቱ «ዛር ነው» ይላል፤ ጠያቂው ሁሉ «ተነሣ እንጂ፣ ወንድ አይደለህም?» እያለ መክሮት ይሄዳል። እኔ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። መካሪ በመጣ ቁጥር ግን ጋቢውን ይበልጥ ሲስብ አያለሁ። ስለዚህ ሥራዬን ይዤ እየሄድኩ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ መዘምዘም ጀመርኩ። አንድ ከሰዓት እጁ ከጋቢው ሥር ወጣና ሸሚዙን ሳበው።

«ይሄ ቀዳዳ ጠሟል» አለኝ።

«እንግዲያው አንተ አቃናው።»

መርፌውን ተቀበለኝ። ያን ዕለት ትንሽ እህል እንደቀመሰ እናቱ በደስታ ነገሩኝ።

ከተሻለው በኋላ በረንዳችን ላይ ሳለን ነገሩን ራሱ አነሳው።

«አንድ ቃል ግባልኝ። ሲነሳብኝ እንዳያስሩኝ። መቀሱን ከእጄ ውሰድና አብረኸኝ ተራመድ።»

«ሲጥልህስ?»

«ያደረግኸውን አድርግ። ሥራህን ይዘህ ና፤ ምክር ብቻ እንዳታመጣብኝ።»

እጅ ለእጅ ተማታን።

ቃሌ የተፈተነው ከፋሲካ በኋላ፣ ሰርግ በበዛበት ወቅት ነው። ጓደኛዬ ልክ ልወስድ ነው እያለ ከሥራ መጥፋት አብዝቶ ነበር። ቅዳሜ ገበያ አንድ ከአይከል የመጣ ጥጥ ነጋዴ ሰላም አለኝና፣

«ለነገው ሰርግ ብዬ እዚሁ ላድር ነው» አለኝ።

«የማን ሰርግ?»

«የጓደኛህ ነዋ! ሚዜው አንተ ነህ ብሎኝ የለ?»

እየሮጥኩ ሄድኩ። በእናቱ ግቢ ውስጥ ዳስ ጥሎ በጨርቅ ቁርጥራጭ ያስጌጣል። ወለቃ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ድረስ ሄዶ ያዘዛቸው አዳዲስ ጋኖች ደጁ ላይ ተደርድረዋል።

«ሙሽራዋ ማን ናት?» አልኩት።

«እሷ ገና ናት። መጀመሪያ ሰው ይምጣ! ሰው ከተሰበሰበ ሙሽራ አይጠፋም።»

ወዲያው አጎቶቹ ገመድ ይዘው ደረሱ፤ አስረው ጠበል ሊወስዱት ነው። ፊታቸው ቆምኩ።

«ጠበሉን እሱም አይጠላም፤ በእግሩ ይሄዳል፣ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ገመድ ግን አይነካውም። ቃል አለብኝ።»

አጎቶቹ ተቆጡ። እናቱ መሀላችን ገቡ።

«ነገ ደጄ የሚመጣውን ሰው ማን ሊመልስልኝ ነው? የመጣ እንግዳ ሳይቀምስ አይሄድም። ይልቅ ገመዱን በግ እሰሩበት!»

ጎረቤት ሁሉ ከጠመቀው ጠላ እያመጣ ጋኖቹን ሞላልን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ይጎርፍ ጀመር። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ እውነቱን እነግራለሁ፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ። ወንድማችን አሞት ነው የጠራችሁ። ሙሽራ የለችም፤ ጠላ ግን አለ።» አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ «እግዜር ይማረው» አለ፤ የተመለሰ ሰው ግን አላየሁም። የንስሐ አባቱ ዳሱን ዙሪያውን አይተው፣ «በቃና ዘገሊላ ወይን አለቀ እንጂ ሙሽራስ አልጠፋችም ነበር» ሲሉ ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ግን ጸጥ አሰኝተው፣ መስቀላቸውን ራሱ ላይ አኑረው ረጅም ጸሎት ጸለዩለት።

ጓደኛዬ ላቡ እስኪንቆረቆር ጨፈረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቀሱን ተቀብዬው፣ ወደ ቁስቋም ዳገት ይዤው ወጣሁ። ሲያወራ እሰማዋለሁ፣ ሲሮጥ እከተለዋለሁ፤ ስንመለስ እርምጃው ከእርምጃዬ ገጥሞ ነበር። በማግስቱ እንደ ሰው በእግሩ ጠበል ወረደ፤ አጎቶቹም ባዶ እጃቸውን ተከተሉን። ኋላም ከተማው ውስጥ ያለ ሐኪም የሚያስተኛ ኪኒን ሰጠው። የትኛው እንደረዳው አላውቅም፤ ብቻ ተኛ።

እንቅልፉን ጠግቦ ሲነቃ ሐፍረት ወደቀበት። «በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?» ብሎ ተከናነበ። እኔም ቀዳዳዬን ልዘመዝም ተመልሼ ሄድኩ። አንድ ቀን የአዘዞው ሽማግሌ በዚያው ኮታቸው ሆነው ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ ሰርግህ እንዴት ያለ ሸጋ ነበር! የእኔ እንኳ ሙሽራ እያለበት እንዲያ አልደመቀም» አሉት።

ጋቢው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካስ ይስቃል።

ዓመታት አልፈው ልቡ ለአንዲት ሴት ሲያዘነብል፣ «ሂጂና ጓደኛዬን ጠይቂው፤ ምንም አይደብቅሽም» ብሎ ወደ እኔ ላካት። ሁሉን ነገርኳት።

«ሲነሳበት ይማታል?»

«አይማታም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ሰው ይጋብዛል።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አሰበችበት፤ ከዚያ አገባችው። ሕመሙ ከዚያም በኋላ ይመላለስ ነበር፤ እሷ ግን ምልክቱን ከእኔ ቀድማ ታውቅ ጀመር፤ ትልክብኛለች፣ እመጣለሁ፣ እንራመዳለን። የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን አባትየው በልኩ ሲናገር፣ በልኩ ሲስቅ ዋለ፤ ልጁ ግን ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት አናወጠው።