ከሲሬ እስከ ዲጋ፣ ቤት ጭነን

ሲሬ፣ ጎሕ ሲቀድ

ዛሬ አንድ ቤት ጭነን ከሲሬ እየተነሣን ነው። ቀልዴን አይደለም። አይሱዙው ላይ በሮች፣ መስኮቶች፣ ቆርቆሮና ጣሪያ የሚሸከሙ የዋንዛ ወራጆች ተደርድረዋል። ጋቢናው ውስጥ ሹፌራችን ገመቹ፣ የቤቱ ባለቤት አዴ ቶላሺና ላፕቶፔን ያቀፍኩ እኔ አለን። ላፕቶፑ ውስጥም ያው ቤት ቁጭ ብሏል።

ለአዲስ አንባቢዎቼ ላስረዳ። ሥራዬ ሊፈርስ የተወሰነበትን ቤት ገና እንደቆመ መለካት ነው። በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ፣ በሌዘር ሜትር እለካለሁ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ መልሼ እሠራዋለሁ። እያንዳንዱ ወራጅ ርዝመቱም፣ ውፍረቱም፣ የብሎን ቀዳዳው ሳይቀር ይመዘገባል። ኤክስካቫተር መጥቶ ሁሉንም ፍርስራሽ ከማድረጉ በፊት የቱ ደህና ሆኖ እንደሚወጣ፣ አዲሱ ቤት ውስጥስ የት እንደሚገባ ይታወቃል። ማንም አላስተማረኝም፤ የስልክ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየተሳሳትኩ ነው የለመድኩት። ነቀምት ውስጥ “የቤት ሐኪም” የሚሉኝ አሉ። “ቤት ቀባሪዋ” የሚሉኝም አልጠፉም።

የአዴ ቶላሺን የአባት ቤት የመንገድ ማስፋፊያው ነካው። ዲጋ ላይ ቦታ አግኝተው የጭቃ ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያ ግን የለውም። ግንቦት እያለቀ ነው። አንድ ደህና ዝናብ ከጣለ ያ ሁሉ ግድግዳ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

ቤቱን ያፈረሱት ጎረቤቶች ናቸው፣ በደቦ። ስደርስ ወራጆቹ በሙሉ በመላጊያ ተልገው ያብረቀርቃሉ። በቀለም የጻፍኩባቸው ቁጥሮች ከፍቅፋቂው ጋር ተጠርገዋል።

“ኧረ ኦቦ ዲንሳ! ቁጥሬስ?” አልኩ።

ኦቦ ዲንሳ የአዴ ቶላሺ የልጅነት ጎረቤት ናቸው፤ ደቦውን የመሩት አናጢም እሳቸው። ፈገግ አሉና፣ “ታዲያ እድፋም እንጨት አሸክሜ ልሸኛት? ማሎ!” አሉ።

ከንፈሬን ነከስኩ። ሰው ደግ ሲሠራ እንዴት ይቆጡታል?

ጉቴ፣ ረፋዱ ላይ

ጉቴ ላይ ትኩስ አንጮቴ በሚጥሚጣ በላን። ገመቹ እየጎረሰ፣ “እኔ ዕድሜ ልኬን ተከራይ ነኝ፤ ዛሬ እስከ ዲጋ ድረስ የቤት ጌታ ሆኛለሁ” ይላል። አዴ ቶላሺ አልሳቁም። ዓይናቸው ከምዕራቡ ሰማይ ላይ አይነሣም። ከዲጋ በኩል ጠቁሯል።

ኬላው

ከነቀምት ወዲህ የደን ውጤት መቆጣጠሪያው ገመድ ተወጥሯል። ተቆጣጣሪው ግራጫ ጃኬት የለበሰ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው።

“አካም ቡልተን?”

“ነጋዳ” አልነው። ደኅና አድረናል፤ አዋዋላችንን ግን እንጃ።

ከቀበሌ የተጻፈልንን ደብዳቤ አነበበና ወደ ጭነቱ ሄደ። አንዱን ወራጅ ዳበሰው፣ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተው።

“ደብዳቤው አሮጌ እንጨት ይላል። ይሄ አሮጌ ነው እህቴ? የዋንዛ እንጨት ያለ ፈቃድ እንደማይንቀሳቀስ ታውቂያለሽ። ይራገፍ!”

“ዋቀዮ!” አሉ አዴ ቶላሺ ደረታቸውን ይዘው። “ግድግዳዬ ባዶውን ቆሟል ልጄ፣ ሰማዩን እያየህ?”

“ሰማዩን አይደለም እናቴ፣ እንጨቱን ነው የምቆጣጠረው።”

ላፕቶፑን ወንበሩ ላይ ከፈትኩና ቤቱን እያሽከረከርኩ አሳየሁት። ጣሪያውን ገለጥኩ፤ ወራጆቹ ብቻቸውን ቀሩ።

“ፊልም ነው?” አለ።

“ይሄው ጭነት ነው። የፈለጉትን ወራጅ ይምረጡ፤ ከየትኛው ክፍል እንደወጣ እነግርዎታለሁ።”

ሆን ብሎ ከሥር ያለውን አስወጣ። ለካሁት። ውፍረቱ ከአንዱም ጋር አልገጠመም፤ መላጊያው በልቶታል። እንደገና ጎንበስ አልኩና በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካሁ። መላጊያ እንጨቱን ያሳሳዋል እንጂ ቀዳዳውን ከቦታው አያነሣም። ስክሪኑ ላይ ፈለግኩ፣ ፈለግኩ። ተገኘ፤ የሳሎኑ ነው!

ሁለተኛው የመኝታ ቤቱ ሆነ። ሰውየው ደስ እያለው መጣ፤ “ኑማ እዩ!” ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ሦስተኛውን ራሱ ጎትቶ አመጣው።

ዳበስኩት፤ ገለበጥኩት። አንድም ቀዳዳ የለውም። ጠረኑም ሌላ ነው።

“ይሄስ?” አለኝ።

አሁን አምኖኛል። የበረንዳው ነው ብዬ ብነግረው ያሳልፈናል። አዴ ቶላሺ አፍ አፌን ያዩኛል። ግን ላፕቶፑን አንድ ጊዜ ሐሰት ካናገርኩት፣ ስለ ቀሩት ወራጆች የሚናገረውን ማን ያምናል?

“ይሄኛው ከዚያ ቤት አይደለም” አልኩ።

አዴ ቶላሺ ስልካቸውን አውጥተው ኦቦ ዲንሳ ጋ ደወሉ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

“ዲንሳ፣ ይሄ ቀዳዳ የሌለው ምንድን ነው?”

ኦቦ ዲንሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱ። “አንዱ ስናወርደው ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ። የአባትሽ እንጨት ነው፤ በምን አፌ ልንገርሽ? ከጓሮዬ ቆርጬ ያስቀመጥኩት ነበረኝ፣ ተካሁልሽ። እንዳይለይብሽ ብዬ ነው ሁሉንም የላግኳቸው።”

“ለመቁረጥ ፈቃድ ነበርዎት?” አለ ተቆጣጣሪው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ።

“የገዛ ጓሮዬ ዛፍ ነው እኮ” አሉ ኦቦ ዲንሳ።

“ይሄ እዚህ ይቀራል። እሳቸው ነገ መጥተው ያስረዱ። የቀረውን ይዛችሁ ሂዱ።” ገመዱን አወረደው።

ነቀምት፣ ሳንቆም

ነቀምትን ባጃጁንና ግርግሩን ሁሉ በመስኮት አየነው፤ ማንም የምሳ ነገር አላነሣም። ገመቹ ሬዲዮውን ዘግቷል።

“ጎረቤቴን አሳልፈሽ ሰጠሽው” አሉኝ አዴ ቶላሺ።

“ሁሉም ሊራገፍ ነበር እኮ፣ አዴ።”

“አውቃለሁ። ማወቄ ነው ያቃጠለኝ።”

ዲጋ፣ ከሰዓት በኋላ

ዲጋ ስንገባ ነፋሱ አቧራ ያስነሣል። አናጢዎቹ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ይጠብቁናል። የመኝታ ቤቱ አንድ ወራጅ እንደጎደለ ስነግራቸው፣ “ታዲያ ምን ይሻላል? መኝታ ቤቱ ክፍቱን ይደር?” አለ አንዱ ከላይ።

ላፕቶፑን ጭነቱ ላይ ከፈትኩ። የበረንዳውን ወራጅ ወደ መኝታ ቤቱ አዛወርኩት። ይደርሳል፤ እንዲያውም ይተርፋል። በረንዳው ግን ጠፋ። ስክሪኑን ወደ አዴ ቶላሺ አዞርኩላቸው። አዲሱን ቤታቸውን ስክሪኑ ላይ ሳሳያቸው መጀመሪያ ያዩት ያንን በረንዳ ነበር፤ ወንበሩን የት እንደሚያስቀምጡ ሳይቀር ነግረውኛል።

ጥቂት አዩት። “እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ይገባል። ወደ ላይ ውጡ ኢጆሌ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!”

ወጡ። እኔ ከታች ቀዳዳ እየለካሁ የወራጁን ቦታ እየጮህኩ እናገራለሁ፣ ገመቹ ያቀብላል፣ መዶሻው ይንጫጫል። የጓዳው ቆርቆሮ ብቻ ሲቀር ዝናቡ መጣ። ሰዎቹ አልወረዱም። የጓዳው ግድግዳ አናቱ እየሟሸሸ ቡናማ ውኃ አወረደ፤ አዴ ቶላሺ በሁለት እጃቸው ላስቲክ ወጥረው ከሥሩ ቆሙ። የመጨረሻው ምስማር ሲገባ እኛ ሁላችን በስብሰን ነበር። ግድግዳው ግን ቆሟል።

ሳሎኑ ውስጥ፣ ወለሉ ገና አፈር ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ስለሚጮህ አዴ ቶላሺም እየጮሁ ደወሉ።

“ዲንሳ! ደርሷል፣ ተከድኗል! ስማ፣ ነገ ኬላው ላይ ብቻህን አትቆምም፤ እመጣለሁ።”

ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው አሁንም አልተፈታልኝም። ላፕቶፑን በጣታቸው ጠቆሙ።

“የተሰነጠቀው ወራጅ እዚያ ዕቃሽ ውስጥ አለ?”

“አለ፤ ቀዳዳው ሳይቀር።”

“እንግዲያው አንቺም ትመጫለሽ። ዲንሳ የፈለገው ሊሰርቅ ሳይሆን የተሰነጠቀውን ቦታ ሊሞላ እንደነበር ታሳዪልኛለሽ።”