ቤንዚን የነካው እጅ

ሲይዙኝ አዳማ፣ በገዛ ግቢዬ፣ ሸቀጥ ጭኜ ከምነግድባት አሮጌ ፒክአፔ ሥር ተኝቼ ነበር። የቤንዚን ፊልትሮ ልቀይር አሮጌውን ፈትቼ፣ ከቱቦው የሚንጠባጠበውን በጀሪካን አጠራቅማለሁ። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ጠብታውም ያሳሳ ነበር። አብዮት ጠባቂዎቹ ጀሪካኑን አሸተቱና "ቀበሌውን ልታቃጥል ነው" አሉኝ። በዚያች ቤንዚን ፒክአፔ ራሷ ሞጆ አትደርስም፤ ግን አልተከራከርኩም።

የቀበሌው እስር ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የጤፍ አቧራና ላብ ይሸታል። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉልኝ። በኢኮኖሚ አሻጥር የታሰሩ የአቦምሳ እህል ነጋዴ ናቸው። እጄ ቆሽሿልና እንደ ወጉ አንጓዬን ሰጠኋቸው። አንጓዬን ትተው መዳፌን ጨበጡ።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ?"

"አባ፣ ቤንዚን ነው።"

"እና እኛስ ሽቶ ተቀብተናል?"

ስኳር ነበረባቸው። መድኃኒታቸው አለቀ፣ እግራቸው አበጠ። አንድ ቀን ጠዋት "እንዴት አደሩ?" ብዬ ብነቀንቃቸው አልነቁም። በሩን ደበደብን። ሊቀመንበሩ መጣ።

"መኪና የለም" አለ። "ጂፑ እየሄደ ይጠፋል።"

"ነዳጅ ሲረግጡት ይታፈናል? ቆይቶ ደግሞ ይነሳል?" አልኩ።

"አዎ።"

"ፊልትሮው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ለፒክአፔ የገዛሁት አዲስ እቤቴ አለ። እገጥምልዎታለሁ፤ ግን መጀመሪያ እሳቸውን ሆስፒታል ያድርስ።"

"ነጋዴ! እስር ቤትም ትነግዳለህ?"

"ሌላ ሥራ አላውቅም።"

ሽማግሌውን ከኋላ አስተኝተን ጂፑን እየገፋን ቤቴ ደረስን። ፒክአፔ ኮፈኗ እንደተከፈተ ቆማለች። ባለቤቴ ከበር ላይ አየችን። ሊቀመንበሩ "ከእሷ ጋር ማውራት የለም!" አለ።

አሮጌውን ፈታሁ። ቡና የመሰለ ጭቃ ወጣው። አዲሱን፣ ቀስቱን ወደ ሞተር አድርጌ ገጠምኩና ማሰሪያውን በካቻቪቴ አጠበቅሁ። ጂፑ አጉረመረመና ተነሳ። ባለቤቴ ማስታጠቢያና ሳሙና ይዛ ወጣች፤ ማንም አልከለከላትም። ታስታጥበኝ ጀመር። ቤንዚኑ ከለቀቀ በኋላም ውሃውን አላቆመችም፤ እኔም እጄን አልሰበሰብኩም።

ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት እጁን ዘረጋልኝ።

"ጓድ፣ አብዮቱ ያመሰግንሃል!"

እጄ ንጹሕ ነው፣ ውሃ ይንጠባጠብበታል። ጣቶቼን አጠፍኩና አንጓዬን ሰጠሁት። እጄን አየ፣ ፊቴን አየ። አንጓዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀ። ሽማግሌው ከኋላ ወንበር ጣታቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁና ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ መዳፋቸውን ያዝኩ። ጂፑ ሄደ፤ እኔን በእግር መለሱኝ።

ሽማግሌው ወደ እኛ አልተመለሱም። ስንጠይቅ "ተዛውረዋል" አሉን። ከተፈታሁ በኋላ አቦምሳ ሄጄ ቤተሰባቸውን ጠየቅሁ፤ ለእነሱም የተነገራቸው ይኸው ነው። እኔ የማውቀው ፊልትሮው አዲስ እንደነበር ብቻ ነው። በእሱ ጥፋት ጂፑ መንገድ ላይ አይቆምም።

ዛሬ የመለዋወጫ ሱቅ አለኝ። መካኒኮች ግራሶ በግራሶ ሆነው ይመጡና አንጓቸውን ይዘረጉልኛል። አንጓውን ትቼ መዳፋቸውን እጨብጣለሁ። "ኧረ ጋሼ፣ ይቆሽሻሉ!" ይሉኛል። ሱቄ ውስጥ ሳሙና አይጠፋም።