ከአሰላ እስከ ሎሚዬ፤ ለልጄ ምጥ የተጓዝኩት መንገድ

ረቡዕ፣ ንጋት፤ አሰላ

ጭላሎ ጉሙን ሳይገልጥ ከቤት ወጣሁ። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ የሚበዛው የገብስ ዱቄትና የተነጠረ ቅቤ ነው። የምሄደው ካሜሩን፣ ደን ዳር ወዳለች ሎሚዬ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን መጀመሪያ ስሰማ ደስ አለኝ። ካርታ ላይ ሳያት ግን ዙሪያዋን አረንጓዴ ብቻ ሆነብኝና ፈራሁ።

ልጄ ማህሌት እዚያ ናት። ባሏ ፖል የከተማዋ ተወላጅ ነው፤ ስለ ደን ሊማር ኢትዮጵያ መጥቶ ተዋወቁ፣ ተጋቡ፣ ተከትላው ሄደች። አሁን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። በእኛ ወግ ሴት ልጅ በኩሯን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ሐኪሟ ግን አውሮፕላን ከለከላት። «እንግዲያው እኔ እመጣለሁ» አልኳት። ለምን እንደቸኮልኩ አልጠየቀችኝም፤ ታውቃለች። ታላቅ እህቴ ያረፈችው በምጥ ነው። ያን ጊዜ እናታችን ገና መንገድ ላይ ነበረች።

ጎረቤቴ ዘይነባ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ገብሱን ቆልታ ያስፈጨችልኝም እሷ ናት።

«ጫካ ነው አሉ። ጦጣ እንዳይወስድሽ» አለችኝ።

«እኔን አሮጊቷን ወስዶ ምን ያደርገኛል?»

«ገንፎ ያሠራሻላ!»

ሳቅን። ከዚያ እጄን ያዘች። «ነጋን ገሊ» አለችኝ፣ በሰላም ግቢ ስትል። እሷ በእሷ እምነት፣ እኔ በእኔ፣ ሁለታችንም ቀና ብለን ወደ ላይ አየን።

ኢተያ ላይ ስንዴው ቢጫ ሆኗል፤ ኮምባይነሮች መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁታል። ወደ ዴራ ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለንና ሹራቤን አወለቅሁ። ግራር፣ ፍየሎች፣ አቧራ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ሻንጣ ይዘው ወዴት ነው?»

«ካሜሩን።»

«ኳስ ሊያዩ ነው?»

ካሜሩን ለእሱ ኳስ ናት። እስከ አምና ድረስ ለእኔም ከዚያ አትበልጥም ነበር።

ሐሙስ፣ ቀትር፤ ያውንዴ

አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት አድሬ ጠዋት ተነሣሁ። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል በመስኮት አየሁ፤ ምድሩ በአረንጓዴ ተሸፍኗል፣ በመካከሉ ቀይ አፈር እንደ ቁስል ብቅ ይላል። አየሩ እርጥብ ነው። ከበሩ እንደወጣሁ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ።

ጉምሩክ ላይ አንዲት ሴት ቅቤውን ከፈተች። አሸተተችው። በፈረንሳይኛ ጠየቀችኝ፤ ፈረንሳይኛ አላውቅም። በሁለት እጄ ትልቅ ሆድ ሠራሁላት፣ ከዚያ ሕፃን አቅፌ እሹሩሩ አልኩ። ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ክዳኑን ራሷ አጥብቃ፣ ጨርቁን ራሷ ጠቅልላ መለሰችልኝ። በሄደችበት መንገድ እግዚአብሔር ይከተላት።

ውጭ ጆዜፍ ቆሞ ነበር፤ የፖል ታናሽ ወንድም። እኛ አባዱላ የምንላት ዓይነት መኪና አለችው፤ ከያውንዴ ወደ አገሩ ሰው ያመላልስባታል። በእኔ የአስተማሪነት እንግሊዝኛና በእሱ የመንገድ እንግሊዝኛ ተግባባን። «ማማን» ይለኛል። እዚህ በዕድሜ ከፍ ያለች ሴት ሁሉ ማማን ናት።

ማታ ማህሌት ደወለች። «እማዬ፣ ቅቤው ደረሰ?»

«እኔስ?»

«አንቺማ ቅቤው ካለ አለሽ።»

ድምፅዋ ደህና ነበር። ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ፤ ወደ ምሥራቅ

ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። አስፋልቱ መልካም ነው። አዮስ ላይ ስንቆም ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። የተጠበሰ ትልልቅ ሙዝ፣ በቅጠል የተጠቀለለ፣ እንደ ዱላ የረዘመ የካሳቫ ሊጥ፣ ጢስ የጠጣ ዓሣ፣ በእግሩ የተንጠለጠለ ጃርት። ለውዙን በቲማቲም ጣሳ ይሰፍሩታል፤ ልክ እንደኛ። እኔ ሙዝና ለውዝ ወሰድኩ።

«ሥጋ አይበሉም?» አለ ጆዜፍ።

«ዓርብ ነው። ጾም ነው።»

«ዓሣስ?»

«እሱም ይቆይልኝ።»

ጥቂት ነዳ። ከዚያ ወደ ኋላ በአፍንጫው ጠቆመ። ሙቀቱ ቅቤውን አቅልጦት፣ መኪናው በሙሉ ኮረሪማና ኮሰረት ኮሰረት ይሸታል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ቅቤ ጾም ነው?»

«እሱ የአራስ ነው። አራስ አትጾምም።»

ለተሳፋሪዎቹ ተረጎመላቸው። ከኋላ ያሉት ሴቶች እየሳቁ አጨበጨቡ፤ አንዷ እኔም ልውለድ አለች መሰለኝ፤ ሳቁ ባሰ።

አቦንግ ምባንግ ላይ አስፋልቱ አለቀ። እዚያ ስልክ ተደወለ። ጆዜፍ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«ፖል ነው። ምጡ ጠዋት ጀምሯል።»

«ማን አለ ከእሷ ጋር?»

«እናታችን አለች፣ አዋላጅም አለች። አይፍሩ።»

ጥቂት እንደሄድን ኔትዎርክ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ዛፍ ብቻ ነው። እኔ የማውቀው ደን ባሕር ዛፍ ነው፤ በመካከሉ ሰማይ ይታያል። ይህ ግን ግንዱ የት እንደሚያልቅ አይታይም። አንዳንዴ ግንድ የጫነ ትልቅ መኪና ይመጣል፤ ከጫናቸው አንዱ ግንድ ከእኛ መኪና ይወፍራል። እኛ ወደ ቅጠሉ ጠጋ እንላለን፣ እሱ ቀይ ጭቃ ረጭቶብን ያልፋል።

ከቀትር በኋላ ዝናብ ወረደ። ዝናብ አልኩት እንጂ እንደ ተደፋ ባልዲ ነው። አንዲት መንደር ስንደርስ በመንገዱ ላይ አግዳሚ ግንድ ተጋድሟል፤ አጠገቡ ጃንጥላ የያዘ ሰው ቆሟል። የዝናብ ኬላ ይሉታል። አፈሩ ሲርስ ተሳፋሪ የጫነ መኪና አያልፍም፤ ዝናቡ ካባራም በኋላ መንገዱ ውሃውን እስኪመጥ ይጠበቃል።

ወረድኩ። «ልጄ ምጥ ላይ ናት በለው» አልኩት ጆዜፍን።

ኬላ ጠባቂው ሰምቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ቀስ ብሎ መለሰ፤ ጆዜፍ ተረጎመልኝ።

«የእኔም ሚስት ሐኪም ቤት የምትሄደው በዚሁ መንገድ ነው ይላል። መንገዱ ከተቆረጠ ለሁላችንም የለም ይላል።»

«በሞተር ብሄድስ?»

«በዚህ ጭቃ? ማማን፣ ማህሌት ትገድለኛለች» አለ ጆዜፍ።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ግን በእኛ አገር የጢቾን መንገድ በክረምት አውቀዋለሁ። የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ከኋላው በሽተኛ በወሳንሳ ይዘው የቆሙ ሰዎች አይቻለሁ። ለእኛ ኬላ የሚዘጋልን አልነበረም። ሰውየው ወንበሩን አምጥቶ ሰጠኝ። ተቀመጥኩበት።

መቁጠሪያዬን አውጥቼ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። አገሬ ቢሆን ሴቶቹ ከምጡ ቤት ደጅ ተሰብስበን «ማርያም፣ ማርያም» እንል ነበር። እዚህ ብቻዬን ነኝ ብዬ ሳስብ፣ ክሌር የምትባል እዚያው ካሳቫ የምትሸጥ ሴት የእኔን መቁጠሪያ አየችው። ከቀሚሷ ደረት የራሷን አወጣች። አጠገቤ ተቀመጠችና «ማሪ» ብላ ጀመረች። እሷም አልገባት፣ እኔም አልገባኝ። ሁለታችንም ግን ማንን እንደምንጠራ እናውቃለን። ሲመሽ ክሌር ቤቷ ወስዳ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፤ ሎሚዬ

ግንዱ የተነሣው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ጠባቂው እጁን አውለበለበልን። ደኑ ይተናል። መንገድ ዳር ባካ የሚባሉት የደኑ ነዋሪ ሴቶች ቅርጫት በጀርባቸው አዝለው፣ ማንገቻውን በግንባራቸው ይዘው በአንድ መስመር ይሄዳሉ። ጆዜፍ ስልኩን በየኮረብታው ይሞክራል፤ ምንም። እኔ መጠየቅ ተውኩ።

ሎሚዬ ቆርቆሮ ቤቶች፣ ቀይ መንገድ፣ አንድ ገበያ፣ የማንጎ ዛፎች ናት። ወደ ፖል ቤት ስንታጠፍ ጆዜፍ ጥሩንባውን ይዞ አልለቅ አለ። ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። ይጮኻሉ። እየጮኹ ወደ መኪናው መጡ፤ ፊታቸውና አንገታቸው ላይ ነጭ ተነስንሷል።

እኔ አመድ ነው ያልኩት።

በእኛ አገር ጥሩንባ ሲነፋ የሚወጣው ሰው ምን ሊሰማ እንደሚወጣ ያውቃል። አመድ የነሰነሰ ሰውም ምን እንደደረሰበት አይጠየቅም። እጄ ራሱ ሠራ፤ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፌ አዘቀዘቅኩት፤ ጥለቱን እንደ ለቀስተኛ ወደ ላይ አዞርኩት። ከመኪናው ወርጄ መሬቱ ላይ ተንበረከክኩ። «ልጄን» አልኩ።

አንዲት ወፍራም ሴት ደግፋ አነሣችኝ። በእጇ ጣሳ ይዛለች። ነጩን በመዳፏ ዘገነችና ሳትጠይቀኝ አንገቴን፣ ጉንጬን፣ ግንባሬን ቀባችኝ። ልገፋት ስል ሸተተኝ።

የሕፃን ፓውደር ነው።

ልጆቼን ሁሉ አጥቤ የቀባሁት ሽታ ነው። ሴትየዋ እየሳቀች በሁለት እጇ ሕፃን አቅፋ እሹሩሩ አለችልኝ። ጆዜፍ ደንግጦ «ማማን፣ ለምን ያለቅሳሉ? ሲወለድ እኮ እንዲህ ነው የምናደርገው!» አለ።

ገባሁ። ማህሌት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ግን የእሷው ዓይን ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እማዬ! ነጠላሽን አስተካክዪ። ማን ሞተ ብለሽ ነው?»

«ማንም» አልኳት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«ማርያም ታኑርሽ» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች። ፖል ጥግ ቆሞ እሱም ያለቅሳል። ሴት ልጅ ናት። ጸጉሯ የእኔ እናት ጸጉር ነው።

«ሌሊቱን ሙሉ ጀርባዬን ይዛ የቆየችው ማናት መሰለሽ?» አለች ማህሌት። ጣሳ የያዘችውን ሴት አሳየችኝ። አማቷ ኦዴት ናት። «ደክሞኝ እናቴን ስጠራ እሷ ነበረች የምትመልስልኝ።»

ዝቅ ብዬ የኦዴትን ጉልበት ሳምኩ። ደንግጣ ያዘችኝ፤ አቅፋ ቀና አደረገችኝ፤ የእሷ ፓውደርና የእኔ እንባ ጉንጫችን ላይ ተለወሰ። ነጠላዬን መለስኩና እልል አልኩ።

በእኛ ሰፈር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ከውጭ ያሉት ሴቶች በራሳቸው ድምፅ ተቀበሉኝ። ሦስተኛውን ብዬ ዝም አልኩ። እነሱ ቁጥሩን አያውቁትም፤ ቀጠሉ። ማህሌት ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። ኦዴት ከአልጋው ያነሣቻት ሕፃን ዓይኗን ገለጠች።

እኔም ቀጠልኩ።