ኮሽሙን የገመገመው ኃላፊ

የአክስቴ ባል ዕድሜውን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠንቅቆ ተምሯል፤ ሌላው ሰው ሁሉ ሰነፍ መሆኑን። ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰፈርተኛው «ኃላፊው» ይለው ነበር። እሱ የማዕረግ ጥሪ ይመስለዋል፤ ጠሪው ግን ፊቱን አዙሮ ይስቃል።

ከጓሯቸው ጀምሮ እስከ ወንዙ የሚወርድ የኮሽም ጥሻ ነበር። ማንም ያልተከለው፣ እሾሁ ሸሚዝ የሚበላ የዱር ዛፍ ነው። ፍሬው ቢጫና ጥርስ የሚያጠርስ ኮምጣጣ ቢሆንም፣ አክስቴ በስኳር አፍልታ የምትሠራው ማርማላታ ጣዕሙ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ። በዚያ ዓመት ማርማላታዋን የምትሸጥባት አንዲት ክፍል ገበያው መንገድ ላይ ተገኝታላት ነበር። የክፍሏ አከራይ «የዘንድሮው ፍሬ ሲደርስ ትገቢባታለሽ፤ ካልሆነ ለሌላ እሰጣታለሁ» ብሏታል። አክስቴ ብልቃጦቿን አጥባ፣ ደርድራ፣ አበባውን መጠበቅ ያዘች።

ኃላፊው «ላግዝሽ» አለ። የእሱ እገዛ ግምገማ ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጥሻውን ዞረና፣ በየዓመቱ እያበቡ ፍሬ ሰጥተው የማያውቁትን ዛፎች ለየ። ከዚያ መጥረቢያ የያዘ ሰው አስመጥቶ አንድም ሳያስቀር አስቆረጣቸው።

አክስቴ ከገበያ ስትመለስ ጉቶ መሃል ተኮፍሶ አገኘችው።

«ምን አደረግህ፣ አንተ ሰው?»

«ሥራ ፈቶቹን አሰናበትኳቸው። ለቀሩት ቦታ ይሰፋቸዋል።»

«ሥራ ፈት የሚቆረጥ ከሆነማ አንተን እስካሁን ማን አተረፈህ?»

ያን ጊዜ እነሱ ዘንድ እየኖርኩ እማር ነበር። የሳይንስ መጽሐፋችን ላይ የነበረው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ የአበባ ሥዕል እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። አንዳንድ ተክል ወንዴ አበባውን በአንድ ዛፍ፣ ሴቴውን በሌላ ዛፍ እንደሚያወጣ፣ የወንዴውንም ብናኝ ንብ ወደ ሴቴው ካላደረሰች ፍሬ እንደማይቋጠር ከሥሩ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ የቆረጥካቸው እኮ ወንዴዎቹን ነው» አልኩት።

ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዛፍም ይጋባል? እንግዲያው ሚዜው እኔ ነኛ!»

የቀሩት አበቡ። ንቦቹም መጡ፤ የሚያመጡት ብናኝ ግን አልነበራቸውም። አበባው ጠውልጎ ይረግፍ ጀመር። ኃላፊው ጥፋቱን ንቦቹ ላይ ጫነ፤ «ለግመዋል፣ ማበረታቻ ይፈልጋሉ» ብሎ የአክስቴን የማርማላታ ስኳር በውሃ በጥብጦ ቅርንጫፎቹ ላይ ረጨ። ጉንዳን በሰልፍ ወጣ።

አክስቴ ወንዙን ተሻገረች። ከወዲያ ማዶ ያበበ ወንዴ ኮሽም ፈልጋ ቅርንጫፎቹን ቆረጠች፤ በውሃ ባልዲ ነክራ እሾሁ እጇን እየቧጨራት ሴቴዎቹ መሃል አቆመቻቸው። ዘግይተው ያበቡት ጥቂቶቹ ፍሬ ቋጠሩ። ለቤት እንጂ ለሱቅ የሚሆን አልነበረም።

ክፍሏን ፀጉር አስተካካይ ወሰዳት። በከፈተባት ቀን ከአክስቴ ጋር በበሩ ስናልፍ፣ ወንበሩ ላይ ኃላፊው ተንሰራፍቶ፣ አገጩ አረፋ ለብሶ፣ ስለ ንቦች ስንፍና ያስረዳ ነበር። እኛን በመስታወቱ ውስጥ አየ።

«ነይ ግቢ እስቲ!» አላት፤ «ብርሃኗ እንዴት ደስ ይላል! ምነው ሳትይዣት ቀረሽ?»

አክስቴ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «ወንድሜ፣ ጢሙን ስትጨርስ ምላሱንም ትንሽ አሳጥርልኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው ኃላፊው ራሱ ነበር። አክስቴ ግን እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ዞር ብላ ያቺን በር አላየችም።