ለእኛ ነው ለእነሱ?

ዛሬ ጠዋት ከአምባሰል በኩል ተኩስ ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። ውጫሌ ሰፈራችን ውስጥ ካቶሊክ እሷ ብቻ ነበረች። በልጅነቴ፣ ጦርነት የደረሰብን ሰሞን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጁን ሲዘጋ እሷ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ በመቁጠሪያዋ ስለ ሰላም ትጸልይ ነበር።

አንድ ቀን ወጣት ታጣቂ ደጃፋችን ላይ ቆሞ፣ «አንቺ፣ ለማን ነው የምትጸልዪው? ለእኛ ነው ለእነሱ?» አላት።

«ለእናትህ!» አለችው።

የሰደበችው መስሎኝ ነጠላዋ ስር ተሸጎጥኩ። እሱ ግን አንገቱን ደፋ።

«ሳልሰናበታት ነው የወጣሁት፣ እማማ።»

«እንግዲያው ጠመንጃህን ከውጭ ተውና ግባ፤ አብረን እንለምንላት» አለችው።

ጓደኞቹ ጠሩትና ሳይገባ ሄደ። እሷም ድምጿን ከፍ አድርጋ ቀጠለች።

ዛሬ የእኔም ልጅ ዘምቷል። እናቴ ለምን «ለእናትህ» እንዳለችው አሁን ገባኝ።